ግማሽ ጉልበት የቀረው ሞተር፦ በሥልጠና በረራ ላይ ምን ይደረጋል?

በበረራ ሥልጠና የሞተር ብልሽት የሚለማመዱት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መልክ ነው። አስተማሪው ስሮትሉን (የሞተሩን ጉልበት የሚቆጣጠረውን እጀታ) ወደ ኋላ ይስባል፣ ሞተሩ ጸጥ ይላል፣ ተማሪው አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ማረፊያ ሜዳ ይፈልጋል። ልምምዱ ተገቢ ነው። እውነተኛው ብልሽት ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ ሆኖ አይመጣም። ሞተሩ አይጠፋም፤ ይደክማል። በደቂቃ 2,400 ዙር ይሰጥ የነበረው ወደ 1,900 ይወርዳል፣ ይንገጫገጫል፣ ለአፍታ የተሻለው ይመስላል፣ መልሶ ይወርዳል። አብራሪውን የሚያዘናጋው ይህ የቀረ ጉልበት ነው። ጨርሶ ቢጠፋ ኖሮ ወዲያው ሜዳ ይፈልግ ነበር፤ በግማሽ ሲሠራ ግን «ትንሽ ቢታገሰኝ መንደርደሪያው ላይ እደርሳለሁ» እያለ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ይይዛል።

የአውስትራሊያ የትራንስፖርት ደኅንነት ቢሮ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት ከተነሡ በኋላ ጉልበት ያጡ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኖችን መዝገብ መርምሯል። በከፊል ጉልበት ማጣት ተብለው የተመዘገቡት 242፣ የሞተር መቆም ተብለው የተመዘገቡት 75 ነበሩ። ከከፊሎቹ 9ኙ ሰው የሞተባቸው አደጋዎች ሆኑ፤ ሞተሩ ከመጀመሪያው ጨርሶ ከቆመባቸው መካከል ግን ሰው የሞተበት አንድም አልነበረም። ጥቂትም ቢሆን የሚሠራ ሞተር ይሻላል ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የደከመን ሞተር እንደቆመ ከመቁጠር ይነሣል። የቀረው ጉልበት ይጠቅማል፤ ዕቅድ ግን አይቆምበትም።

ነገሩ በቁጥር እንዲጨበጥ ሴስና 172ኤስን እንያዝ። 180 የፈረስ ጉልበት ያለው ላይኮሚንግ ሞተርና የምላጩ አንግል የማይለወጥ ፕሮፔለር ያለው አውሮፕላን ነው። እንዲህ ባለው ፕሮፔለር ላይ ጉልበቱ በግምት ከዙሩ ኩብ ጋር ይወርዳል። ከ2,400 ወደ 1,900 መውረድ ለዓይን 20 በመቶ ገደማ ነው፤ ጉልበቱ ግን ግማሽ ሆኗል። በ2,400 ዙር በመካከለኛ ከፍታ ሲጓዝ ሞተሩ የሚሰጠው 110 የፈረስ ጉልበት ገደማ ስለሆነ፣ ግማሹ ከ55 ብዙም አይርቅም። በሙሉ ክብደት ያለ 172ኤስ ከፍታውን ጠብቆ ለመቆየት በስሌት 70 ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ስሮትሉ እስከ ጥግ ተገፍቶ መርፌው 1,900 ላይ ከቆመ፣ አውሮፕላኑ ቀስ እያለ እየወረደ ነው። አብራሪው ከፍታውን በመሪ ለመያዝ ሲሞክር የሚከፍለው በፍጥነት ነው፤ ፍጥነቱም ሲያልቅ ስቶል ይመጣል፣ ማለትም ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ያቅተዋል። የአብዛኞቹ የከፊል ብልሽት አደጋዎች መንገድ ይኸው ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች

172ኤስ በ74 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው) እየወጣ ሞተሩ ቢቆምና አፍንጫው ባለበት ቢያዝ በየሰከንዱ ወደ 4 ኖት ያጣል። ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ ለማረፍ የሚወርደው ክፍል) ሳይወርድ በሙሉ ክብደት ስቶል የሚያደርገው በ48 ኖት ነው። በመካከሉ ያለው 26 ኖት ከ6 ሰከንድ ተኩል አይበልጥም። ሰው ደንግጦ «ምን ሆነ?» ብሎ እስኪነቃ 3 ወይም 4 ሰከንድ ይሄዳል፤ ያኔ ፍጥነቱ 60 አካባቢ ደርሷል፣ ማለትም ምርጥ የመንሳፈፊያ ፍጥነት ከሆነው 68 ኖት በታች። የእጅ የመጀመሪያ ሥራ እንግዲህ መሪውን ወደ ፊት መግፋት ነው፤ አፍንጫው ከአድማሱ በታች መውረዱ በዓይን እስኪታይ ድረስ። ብዙ ተማሪ መጠነኛ ግፊት ይሰጥና ያቆማል፤ ያ አይበቃም።

እግርም አለ። በመውጣት ላይ የሞተሩን ወደ ግራ መጎተት ለማካካስ የቀኝ ፔዳል ተረግጦ ነበር፤ ሞተሩ ሲደክም ያ እግር ካልተነሣ አውሮፕላኑ ወደ ቀኝ ይንሸራተታል። የተንሸራተተ አውሮፕላን በዝቅተኛ ፍጥነት ስቶል ሲያደርግ በአንድ ክንፍ ይወድቃል፣ ከዚያም ሊሽከረከር ይችላል። መንሸራተትን የምታሳየውን የመለኪያ ኳስ መሐል ማድረግ ለውበት የሚባል ነገር አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ትልቁ ፈተና ወደ መንደርደሪያው መመለስ ነው። በ68 ኖት፣ በ45 ዲግሪ ዘንበል 180 ዲግሪ ለመዞር 11 ሰከንድ ይፈጃል፤ የዙሪያው ስፋት ከጥግ ጥግ 250 ሜትር ነው። በ30 ዲግሪ ዘንበል ደግሞ 19 ሰከንድና 430 ሜትር ገደማ ይሆናል። ዞሮ ሲጨርስ አውሮፕላኑ ከመንደርደሪያው መስመር በዚያ ያህል ጎን ርቆ ይገኛል፤ ወደ መስመሩ ለመመለስ ሌላ ዙር፣ ለመስተካከል ደግሞ ተቃራኒ ዙር አለ። 180 የተባለው ሲደመር 250 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ስቶልም አብሮ ይወጣል፦ ቀጥ ብሎ 48 የነበረው በ30 ዲግሪ 52፣ በ45 ዲግሪ 57፣ በ60 ዲግሪ 68 ኖት ይሆናል። ያ 68 ራሱ የመንሳፈፊያ ፍጥነቱ ነው። መሬቱ ሲቀርብበት መሪውን ወደ ራሱ እየሳበ ዘንበሉን የሚያጠብቅ ሰው ሁለቱን ቁጥሮች በራሱ እጅ ያገናኛቸዋል።

መመለስ ፈጽሞ አይቻልም አልልም። ግን ውሳኔው መሬት ላይ እያለ የሚወሰን ነው። በአስተማማኝ ከፍታ፣ አስተማሪ ባለበት፣ በመውጫ ፍጥነት ላይ ስሮትሉ ይዘጋ፤ 4 ሰከንድ ምንም ሳይደረግ ይቆጠር፤ ከዚያ በ45 ዲግሪ ተዙሮ እስኪስተካከል ስንት ጫማ እንደጠፋ ይመዝገብ። በተገኘው ላይ ግማሹን ጨምሩበት፤ ከዚያ ቁጥር በታች ወሬው ያለቀ ነው፦ ፊት ለፊት፣ ከአፍንጫው ግራና ቀኝ 30 ዲግሪ ውስጥ ባለው ምርጥ ቦታ። ይህ ቁጥር ከመነሣት በፊት፣ መስመሩ ላይ ቆሞ፣ በድምፅ ይነገር። በልብ የተባለ ነገር በዚያች 4 ሰከንድ ውስጥ አይገኝም።

ጉልበቱ በከፊል ሲቀርስ? በመጀመሪያ 68 ኖት፤ ከዚያ በዚያ ፍጥነት እየወጣ፣ እየቆየ ወይስ እየወረደ እንደሆነ በከፍታ መለኪያው ላይ 5 ሰከንድ ያህል ማየት። እየወረደ ከሆነ ሜዳ መምረጥ ነው፤ የቀረው ጉልበት ወደዚያ ሜዳ ያደርስ። ከፍታውን ከያዘ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ በማይበልጥ ዘንበል መዞር ይቻላል፤ ግን በእያንዳንዱ ቅጽበት «አሁን ቢቆም የት እወርዳለሁ?» ለሚለው መልስ በመስኮት መታየት አለበት። መልሱ ከጠፋ መንገዱ ተሳስቷል። በቤቶች ወይም በደን ላይ አቋርጦ ወደ መንደርደሪያ የሚወስደው አጭር መንገድ ይተው፤ በእርሻ ላይ የሚዞረው ረጅሙ ይመረጥ።

ከፍታ ሲኖር

172ኤስ 1,000 ጫማ ለመውረድ 80 ሰከንድ ገደማ ይወስድበታል፤ ነፋስ ከሌለ በዚያ ጊዜ 2.7 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከፊት 20 ኖት ነፋስ ካለ 1.9 ብቻ፣ ከኋላ ከሆነ 3.5 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ሜዳ ሲመረጥ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ጭስ፣ የውሃ ገጽ፣ የዛፍ ቅጠል፣ በመሬት ላይ የሚሄድ የደመና ጥላ ይነግራል።

ቅደም ተከተሉ ፍጥነት፣ ሜዳ፣ ከዚያ ሞተር ነው። አንድ ነገር ብቻ ከተራ ይቀድማል። ሞተሩ ካርቡሬተር (ነዳጅን ከአየር የሚቀላቅል ክፍል) ያለው ከሆነ፣ እንደ ሴስና 172ኤን ወይም 152፣ አፍንጫው እየወረደ ሳለ የካርቡሬተር ማሞቂያው እስከ መጨረሻው ይሳብ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ማሞቂያው የራሱ እሳት የለውም። ሙቀቱን የሚያገኘው በጭስ ማውጫው ዙሪያ ከሚያልፍ አየር ነው። ሞተሩ ከደከመ ጭስ ማውጫው በፍጥነት ይቀዘቅዛል። አሁን በረዶ ሊያቀልጥ የሚችለው ሙቀት ከአንድ ደቂቃ በኋላ ላይኖር ይችላል።

የካርቡሬተር በረዶ ተማሪዎች ከሁሉ በላይ የሚንቁት ምክንያት ነው፤ ብርድ ቀን ብቻ የሚመጣ ስለሚመስላቸው። አየሩ በካርቡሬተሩ ጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ግፊቱ ይወርዳል፤ ነዳጁም እየተነነ ሙቀት ይወስዳል። ሁለቱ ተደምረው ሙቀቱን ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊያወርዱት ይችላሉ። ስለዚህ ውጭው 20 ዲግሪ ሆኖ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አየሩ እርጥብ ከሆነ ጉሮሮው ውስጥ በረዶ ይይዛል። በጣም የሚፈራው ከ21 ዲግሪ በታች ከ80 በመቶ በላይ እርጥበት ሲኖር ነው፤ ግን ከዚያ በሚሞቅና በሚደርቅ አየርም ይከሰታል። ስሮትሉ ሲዘጋ የአየሩን መግቢያ የምትዘጋው ቅጠል የምትተወው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ ጥቂት በረዶ ይበቃዋል፤ ለዚህ ነው ለማረፍ ስትወርዱ ማሞቂያው ስሮትሉ ከመዘጋቱ በፊት የሚሳበው።

ምልክቱ ዝም ብሎ ነው የሚመጣው። ዙሩ 50፣ ከዚያ 100 ይወርዳል፤ ተማሪው ስሮትሉን ትንሽ ይገፋና ይረሳዋል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደገና። ስሮትል ሁለት ጊዜ ከተገፋና አውሮፕላኑ እየወጣ ካልሆነ፣ ሦስተኛው ላይ እጁ ወደ ማሞቂያው ይሂድ። ማሞቂያው ሲሳብ ዙሩ መጀመሪያ ትንሽ ይወርዳል፣ ሞቃት አየር ቀላል ስለሆነ። በረዶ ካለ ደግሞ ቀልጦ ውሃው ወደ ሲሊንደሮቹ ሲገባ ሞተሩ ይንገጫገጫል፣ ያስላል፣ ይባስ ብሎ የሚጠፋ ይመስላል። እዚህ ላይ ደንግጦ ማሞቂያውን መልሶ የሚዘጋ ብዙ ነው። አይዘጋ! ከ10 እስከ 30 ሰከንድ መታገስ ነው፤ ዙሩ ከዚያ በኋላ ከነበረበት ከፍ ብሎ ሲመለስ በረዶ እንደነበር ማረጋገጫው ያ ነው። ግማሽ ማሞቂያም አይደረግ፤ ወይ ሙሉ ወይ ምንም።

ከማሞቂያው በኋላ እጅ ከወለሉ ተነሥቶ ወደ ላይ ይሄዳል፤ እንዲህ ሲሆን የሚረሳ ነገር ይቀንሳል። ወለሉ ላይ ያለው የነዳጅ መምረጫ «ሁለቱም» ላይ፤ ቀዩ የሚክስቸር (የነዳጅና የአየር ቅልቅል) እጀታ ወደ ውስጥ፤ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ካለ ይብራ፤ የማግኔቶ (ለሞተሩ ብልጭታ የሚሰጠው) ቁልፍ «ሁለቱም» ላይ፤ ሞተር ለማስነሣት ነዳጅ የሚረጭ፣ በእጅ የሚሳብ ፕራይመር ካለ ገብቶ መቆለፉ ይታይ። ያልተቆለፈ ፕራይመር ነዳጅ እያንጠባጠበ ሞተሩን ያፍነዋል፣ ጥቁር ጭስም ያስወጣል። በ172ኤስ ደግሞ የነዳጅ መዝጊያው እጀታ ወደ ውስጥ መገፋቱ ይጨመራል። እጅ ከመንካቱ በፊት ዓይን ይይ። ማሞቂያው፣ ስሮትሉና ሚክስቸሩ በአንድ ረድፍ ጎን ለጎን ናቸው፤ ማሞቂያ ስቦ መስሎት ቀዩን የሳበ ተማሪ ደህና የነበረውን ሞተር ያጠፋል። በልምምድ ጊዜ የሚሠራ ስህተት ስለሆነ አስተማሪ ዓይኑን ከዚያ እጅ ላይ አያንሣ።

ስለ ነዳጅ

ነዳጅ ማለቅና ነዳጅ አለመድረስ ሁለት ነገር ናቸው። ሁለተኛው ታንኩ ሞልቶ ይመጣል። ፓይፐር ፒኤ-28 በሚባለው አውሮፕላን ላይ «ሁለቱም» የሚባል ቦታ የለም፤ ወይ ግራ ወይ ቀኝ ነው። አንዱ ታንክ ደርቆ ሞተሩ ሲቆም መምረጫው ወደ ሌላው ይዞራል፣ ፓምፑ ይበራል፣ ሚክስቸሩ ይገፋል፣ ከዚያ ይጠበቃል። ባዶው መስመር እስኪሞላ እስከ 10 ሰከንድ ይፈጃል። በ3ኛው ሰከንድ «አልሠራም» ብሎ መልሶ ወደ ደረቀው ታንክ ማዞር የታወቀ ስህተት ነው።

ታንክ መቀየር ካስፈለገ ከመነሣት በፊት ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሳይፈተሽ ይሁን፤ ከፍተሻው በኋላ አይነካ። መምረጫው ቢዘጋ እንኳ በመስመሩና በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ነዳጅ አውሮፕላኑን ለማንቀሳቀስ፣ አንዳንዴም ለመነሣት ይበቃል። ከዚያ ሞተሩ የሚቆመው ለመመለስ በማይበቃ ከፍታ ላይ ነው።

የውሃ ፍተሻ ደግሞ በብርጭቆ እያዩ ማፍሰስ ብቻ አይደለም። 172ኤስ 13 የማፍሰሻ ነጥቦች አሉት፤ በእያንዳንዱ ክንፍ 5፣ ከሥር 3። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች እንደ ዶቃ ይቀመጣል። ነገር ግን ብርጭቆው ሙሉ በሙሉ ውሃ ከሆነ በመካከሉ የሚታይ ድንበር የለም፤ ንጹሕ ይመስላል። ስለዚህ ብርጭቆውን ወደ ነጭ ነገር አስጠግቶ ሰማያዊ ቀለሙን ማየት፣ ማሽተት፣ አንድ ጠብታ በጣት ላይ አድርጎ ቶሎ መትነኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። 100 ኤልኤል የሚባለው የአቪዬሽን ቤንዚን ሰማያዊ ነው፤ የጄት ነዳጅ ቀለም የለውም ወይም ገለባ ይመስላል፣ ሲተን ይዘገያል፣ ቅባት ይተዋል። ክንፉ ላይ ያለው የታንክ መተንፈሻም ይታይ። ነፍሳት ከደፈነው፣ ነዳጁ ሲቀንስ በታንኩ ውስጥ የአየር እጥረት ይፈጠርና ነዳጅ መውረድ ያቆማል፤ ሞተሩ የሚደክመው ከተነሡ ብዙ ቆይቶ ነው።

ማግኔቶ፣ ዘይትና ሲሊንደር

ድንገት የጀመረ ጠንካራ መንገጫገጭ፣ ነዳጁና ሙቀቱ ደህና ሆነው፣ ብዙ ጊዜ የማግኔቶ ነው። ሞተሩ ሁለት ማግኔቶ አለው፣ በየሲሊንደሩም ሁለት ካንዴላ። የአንዱ ማግኔቶ ጥርስ ቢበላና ብልጭታው ያለ ጊዜው ቢመጣ ደህነኛውን ጭምር ያበላሸዋል። ሜዳው ተመርጦ፣ ፍጥነቱ ተይዞ ከሆነ ቁልፉን ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አድርጎ ማዳመጥ ይቻላል። በአንደኛው ላይ ከለሰለሰ እዚያው ይተው፣ በአቅራቢያ ወዳለ መንደርደሪያ ይኬድ። ቁልፉ አልፎ «ጠፍቷል» ላይ እንዳይደርስ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ያልተቃጠለ ነዳጅ በማርሚታው ውስጥ ተጠራቅሞ መልሶ ሲበራ ይፈነዳል። በአንዱ ላይ ሞተሩ ጨርሶ ዝም ካለ፣ ስሮትሉን ቀንሶ ከዚያ ቁልፉን መመለስ።

መሬት ላይ በ172ኤስ በ1,800 ዙር ሲፈተሽ የሚፈቀደው መውረድ 150፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 50 ነው። ጨርሶ የማይወርድ ከሆነም አይለፍ፤ የጠፋው ማግኔቶ በትክክል አልጠፋም ማለት ሊሆን ይችላል።

የዘይት ግፊት ወርዶ ሙቀቱ ከወጣ ሞተሩ ደቂቃዎች ቀርተውታል፤ እየሠራ ሳለ ይታረፍ። ሙቀቱ ካልተለወጠ መለኪያው ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ወደ ቅርቡ መንደርደሪያ መሄድ ነው። ቫልቭ ተጣብቆ ወይም ተሰብሮ ከ4 ሲሊንደር አንዱ ሲቀር መንቀጥቀጡ መለኪያ አያስነብብም። ስሮትሉን ቀንሶ መንቀጥቀጡ የሚታገሥበትን ዙር መፈለግ እንጂ መግፋት አያዋጣም።

ሜዳው

የ172ኤስ መመሪያ በባሕር ወለል ከፍታ ለማረፊያ ሩጫ 175 ሜትር፣ ከ50 ጫማ እንቅፋት በላይ አልፎ እስኪቆም 407 ሜትር ይሰጣል። ደህና የተባለ ሜዳ እንግዲህ 400 ሜትር ነው፤ እንቅፋት ከሌለው ግማሹም ይበቃል። ሽቦ ከላይ አይታይም፤ ምሰሶ ነው የሚታየው። በሁለት ምሰሶ መካከል ሁልጊዜ ሽቦ አለ ብሎ መነሣት ነው። የታረሰ ከሆነ በትልሙ መስመር ይታረፍ፣ የጎን ነፋስ ቢኖርም። ዳገት ካለ ወደ ላይ፣ መጠነኛ የኋላ ነፋስ ቢኖርም።

የማረፊያው ነጥብ ከሜዳው አንድ ሦስተኛ ገባ ብሎ ይታሰብ። መድረሱ እርግጠኛ ሲሆን ፍላፕ እየወረደ ነጥቡ ወደ ፊተኛው ጠርዝ ይሳባል። አስቀድሞ የወረደ ፍላፕ ግን ተመልሶ ሲነሣ አውሮፕላኑን ያሰምጠዋል። ሞተሩ የማይመለስ ከሆነ ሚክስቸሩ ይሳብ፣ የነዳጅ መዝጊያው ይሳብ፣ ማግኔቶ ይጥፋ፤ ፍላፑ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ማስተር ስዊች (ዋናው የኤሌክትሪክ ማብሪያ) የሚጠፋው ከመጨረሻው ፍላፕ በኋላ ነው። በር ይከፈት፣ እንዳይቆለመም። ቀበቶ ይጥበቅ። ጊዜ ካለ በ121.5 ሜጋኸርዝ ወይም በያዙት ጣቢያ ሜይዴይ (የጭንቅ ጥሪ)፣ ትራንስፖንደር (ለራዳር ምልክት የሚሰጠው መሣሪያ) ላይ 7700። ጊዜ ከሌለ ራዲዮው ይቅር።

ሜዳው መጥፎ ከሆነ ፍጥነቱ ይታሰብ። በ45 ኖት የሚመጣ አውሮፕላን በ9 ጂ (የስበት 9 እጥፍ) ለመቆም 3 ሜትር ያህል ብቻ ይበቃዋል፤ በ90 ኖት 12 ሜትር ይፈልጋል። ክንፍን ለቁጥቋጦና ለአጥር እየሰጡ ካቢኑን ማዳን ይቻላል፤ መሪው እስከ መጨረሻው በእጅ ከሆነ። ስቶል አድርጎ ከ100 ጫማ የወደቀ ግን በጥሩ ሜዳም መትረፍ ይከብደዋል።

ልምምዱ ራሱ እንዳይጎዳ

በሥልጠና ላይ አንድ የማይነገር ችግር አለ። ሞተሩ በእውነት ሲደክም ተማሪው አስተማሪው ስሮትል የሳበ ይመስለዋል፤ አስተማሪው ደግሞ ተማሪው የቀነሰ ይመስለዋል። ሁለቱም እየተጠባበቁ 5 ሰከንድ ይሄዳል። መድኃኒቱ ከመነሣት በፊት የተስማሙበት አንድ ቃል ነው። አስተማሪው ስሮትሉን ሲስብ ሁልጊዜ «ልምምድ» ይበል። ቃሉ ካልተሰማ እውነተኛ ነው፤ ተማሪው ሳይጠይቅ አፍንጫውን ዝቅ ያድርግ።

መሪውን መረካከብም እንዲሁ። አስተማሪው «ይዣለሁ» ሲል ተማሪው «ይዘዋል» ብሎ እጁንም እግሩንም ያንሣ፤ አስተማሪው እንደገና «ይዣለሁ» ይበል። የደነገጠ ተማሪ መሪውን ወደ ደረቱ እንደሳበ ይቀራል፤ ያኔ በሁለት ጉልበት መሪ ከመጓተት በፊት ስሙን ጠርቶ «ልቀቅ» ማለት ይቀድማል።

ልምምዱ በስሮትል ብቻ ይሁን። ሚክስቸር በመሳብ ወይም ነዳጅ በመዝጋት የሚደረግ «እውነተኛ» ልምምድ አያስፈልግም፤ ማብሪያው እንቢ ካለ ልምምዱ አደጋ ይሆናል። መዝጊያዎቹን በጣት እየነኩ ስማቸውን መጥራት ያንኑ ያስተምራል። ካርቡሬተር ካለ ማሞቂያው ከስሮትሉ በፊት ይሳብ፤ በየ500 ጫማው ስሮትሉ እስከ ግማሽ ተከፍቶ ለጥቂት ሰከንድ ሞተሩ ይሙቅ። ከ3,000 ጫማ ያለ ማሞቂያ የተንሳፈፈ ሞተር ከታች ሲጠራ ላይመልስ ይችላል። የማቆሚያው ከፍታም ቀድሞ ይነገር፤ እዚያ ሲደረስ ሜዳው ያምራል ተብሎ 100 ጫማ አይጨመርም። ስሮትሉ ሲከፈት በ2 ወይም 3 ሰከንድ ቀስ ብሎ ይገፋ፤ በአንድ ምት የተከፈተ የቀዘቀዘ ሞተር ይታነቃል።

ከፊሉን ብልሽትም ለብቻ ተለማመዱት። አስተማሪው ዙሩን 1,900 ላይ አድርጎ ያቁም፣ ከዚያ አንዴ 2,100፣ አንዴ 1,700 ያድርገው። ተማሪው 68 ኖት ይዞ፣ ከፍታ መለኪያውን አይቶ፣ «እየወረድኩ ነው፣ ሜዳዬ ያ ነው» ማለት እስኪለምድ። ከሙሉው ይልቅ ይህ ይከብዳቸዋል፤ ለዚህ ነው ብዙ ሰዓት የሚገባው።

ሞተሩ ተመልሶ ሠርቶ በሰላም ከታረፈ ያ በረራ እዚያ ላይ ያበቃል፣ ማሞቂያው የፈታው ቢመስልም። ቁልፎችና መምረጫዎች ባሉበት ይተዉ። ለሜካኒኩ በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው «ሞተሩ ተንገጫገጨ» ብቻ ከሆነ ምንም አያገኝም። ከፍታው፣ የውጭ ሙቀቱ፣ ዙሩ ከስንት ወደ ስንት እንደወረደና በድንገት ነው ወይስ በዝግታ፣ የትኛው ታንክ ላይ እንደነበር፣ ማሞቂያው ሲሳብ ምን እንደሆነ፣ በየትኛው ማግኔቶ እንደለሰለሰ፣ የዘይት ግፊቱና ሙቀቱ ስንት እንደነበር ይጻፍ። ከየታንኩም ነዳጅ በንጹሕ የመስታወት ጠርሙስ ተቀድቶ፣ የታንኩ ስም ተጽፎበት፣ አውሮፕላኑ ሳይነካ በፊት ለሜካኒኩ ይቀመጥ።